አፑ 14 ይላል፣ ውሃው ላይ ወደ 30 ይነፍሳል፦ የትኛውን እንመን?

ፔዳልና መቅዘፊያ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ አንድ ቦታ ንፋስ ነው። መልሱ ግን ከኛ የብስክሌትና የካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ቡድን ውጭ ላሉትም ሊጠቅም ስለሚችል ዝርዝሩን ሳላሳጥር አስቀምጠዋለሁ።

ሐይቁ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ርዝመቱ 3 ኪ.ሜ.፣ ወርዱ 1 ኪ.ሜ. ገደማ፣ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1900 ሜትር። ግራና ቀኙ ሸንተረር ነው። ደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ወደ ቆላው ክፍት ነው። በሰሜን ምሥራቁ ጫፍ መንገዱ 400 ሜትር ያህል ይወጣና በአንድ በር (በተራሮች መካከል ባለ ጠባብ ማለፊያ) በኩል ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ብስክሌተኞቹ የሚወጡት እዚያ ነው። ካያኮቹ የሚወርዱት ከምሥራቁ ዳር፣ 15 ሜትር ከሚሆኑ ዛፎች ሥር ነው።

ዝናብ በሌለበት ቀን አፑ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል 14 ኪ.ሜ. በሰዓት፣ ገስት (ድንገተኛ ግፊት) 22፣ አቅጣጫ 110 ዲግሪ (ከምሥራቅ አካባቢ የሚመጣ) ይላል። እውነታው ሌላ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ውሃው መስታወት ነው። 4 ሰዓት ተኩል ላይ በር የተከፈተ ይመስል ድንገት ከምሥራቅ በኩል ይመጣና ለአንድ ሰዓት ያህል ያንገላታል። ከዚያ ጋብ ይላል። 7 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከ230 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላ ንፋስ ይነሳና እስከ 11 ሰዓት አያቆምም። በእጅ መለኪያ አማካዩ 28፣ ገስቱ 38 ነው።

ትንበያው ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ ነን ማንበብ ያልቻልነው? «ዛሬ ይቅር» የምንልበት ቁጥርስ ስንት ይሁን? ነጎድጓድ የሚመጣበትን ቀን በምን እንለይ?

ሚዛነ ንፋስ

መጀመሪያ አሃዱን እይ። ብዙ አፕ ሲጫን በኖት ወይም በሜትር በሰከንድ ነው የሚነሳው። 14 ኖት ማለት 26 ኪ.ሜ. በሰዓት ነው፤ 14 ሜትር በሰከንድ ደግሞ 50 ኪ.ሜ. ይሆናል። (ኖቱን በ1.852፣ ሜትር በሰከንዱን በ3.6 አባዛ።) ቀጥሎ ሰዓቱን እይ። አንዳንዱ ሰንጠረዥ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ የሰዓት ክልልህን ልዩነት ትደምራለህ። ከዚያም 13 የሚለው ቀን 7 ሰዓት መሆኑን አትርሳ፤ በዚህች ብቻ ስንቱ ከጸጥታው ሰዓት ውጭ ይወጣል መሰለህ።

አሁን ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንስማማ። ትንበያው «ንፋስ» የሚለው ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ የሚነፍሰውን አማካይ ነው፤ በጣቢያ ሲለካ የ10 ደቂቃ አማካይ ይወሰዳል። ገስት ለ3 ሰከንድ ያህል የሚቆየው ብርቱ ግፊት ነው። አንተ ግን የምትለካው 2 ሜትር ላይ ነው። ንፋስ ወደ መሬት በቀረበ ቁጥር ሣሩም ድንጋዩም ይይዘዋል። አጭር ሣር ባለው ሜዳ 2 ሜትር ላይ የምታገኘው የ10 ሜትሩን 72 በመቶ ገደማ ነው፤ ውሃ ስለማይዘው እዚያ 85 በመቶ ገደማ ታገኛለህ። ስለዚህ ሜዳ ላይ የለካኸውን በ1.4፣ ውሃ ላይ የለካኸውን በ1.2 አባዝተህ ከትንበያው ጋር አስተያይ። ያንተ 28 እንግዲህ ወደ 34 ይወጣል ማለት ነው። ልዩነቱ ካሰብከው የባሰ ነው።

ሦስተኛው የሞዴሉ፣ ማለትም ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ዓይን ነው። ብዙ ነፃ አፖች የሚያሳዩት ከሁለት ዓለም አቀፍ ሞዴሎች የአንዱን ውጤት ነው፤ የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ዓለምን በ13 ኪ.ሜ. ገደማ፣ የአውሮፓው ማዕከል ሞዴል በ9 ኪ.ሜ. ገደማ ካሬ ከፋፍለው ያሰላሉ። አንድን የመሬት ገጽታ በቅጡ ለማየት ደግሞ አንድ ካሬ አይበቃም፣ በርከት ያሉ ያስፈልጋሉ። ወርዱ 1 ኪ.ሜ. የሆነ ሐይቅና 400 ሜትር የሚወጣ በር ለእነሱ የለም፤ ቦታው ለጥ ያለ ተዳፋት ነው። ካርታውን ስታቀርበው ቀስቶቹ ይበዛሉ፣ ዝርዝር የጨመረ ይመስላል። አልጨመረም፤ አፑ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ባዶ እየሞላ ነው። ማጣራት ከፈለግህ አፑ ለቦታው የሚሰጠውን ከፍታ ተመልከት። ከእውነተኛው በ300 ሜትር ከራቀ ሞዴሉ ያንተን ሸለቆ አያውቀውም፤ የሙቀት ቁጥሩም በ2 ዲግሪ ያህል ይስታል።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፦ ያለህ አንድ ንፋስ ሳይሆን ሁለት ነው። የ4 ሰዓት ተኩሉ ከትንበያው 110 ጋር ይገጥማል። የ7 ሰዓቱ 230 ከትንበያው በ120 ዲግሪ ይርቃል፣ ከሐይቁ ዘንግ ጋር ግን ልክክ ይላል። የመጀመሪያው ሞዴሉ የሚያውቀው፣ ከላይ የወረደ ንፋስ ነው። ሁለተኛውን ሸለቆው ራሱ ነው የሚሠራው። ፍጥነት ብቻ የሚመዘግብ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ቁልፉ አቅጣጫው ላይ ነው።

ዳገት ለዳገት

ሚዛነ ንፋስ በትክክል ለይቶታል። ሁለቱ ንፋሶች ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚመጡ ልጨምር፤ ያን ካወቅህ ማታ ቤትህ ሆነህ የነገውን መናገር ትችላለህ።

ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል። እሱን የነካው አየር ቀዝቅዞ ይከብድና እንደ ውሃ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጠዋት ሐይቁ ላይ ተኝቶ የምታገኘው ይህን አየር ነው። ከላዩ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይገጥምበታል፤ ኢንቨርዥን የሚሉት። ክዳኑ እስካለ ድረስ ከሸንተረሩ በላይ 50 ቢነፍስ እንኳ ታች ቅጠል አይነቃነቅም። አካባቢው ጭስ ካለ ክዳኑን በዓይንህ ታየዋለህ፦ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና አንድ ከፍታ ላይ ሲደርስ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ክዳኑ ከሥር እየተበላ ይሄዳል፣ የሆነ ጊዜ ላይ ይበሳል፣ የላይኛው ንፋስም ታች ይደርሳል። «በር የተከፈተ ይመስል» ያልከው ይኸው ነው። የጠዋቱ ጸጥታ ታዲያ ስለቀኑ የሚነግርህ አንዳች ነገር የለም።

የሚወርደው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አፑ ላይ የከፍታ ንፋስን ክፈት። ደረጃዎቹ በሄክቶፓስካል (በአየር ግፊት መለኪያ) ይጻፋሉ፤ 850 ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ፣ 700 ደግሞ 3000 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐይቅህ 1900 ሜትር ላይ ስለሆነ 850 የሚለው ንፋስ ከእግርህ በታች፣ መሬት ውስጥ ነው ያለው፤ ሞዴሉ በስሌት የሞላው ቁጥር ስለሆነ ተወው። ሸንተረርህ 2300 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን የሚያስፈልግህ 750 ነው (2500 ሜትር ገደማ)። አፑ ያ ደረጃ ከሌለው 800ንና 700ን አንብበህ መካከሉን ያዝ። ክዳኑ ሲበሳ ገስቱ የዚያን ንፋስ ያህል ሊደርስ ይችላል ብለህ አስላ። እዚያ ላይ 15 ከሆነ የ4 ሰዓት ተኩሉ ግርግር እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። 45 ካሳየህ ግን ሐይቁ መስታወት ቢሆንም ካያኩን ከመኪናው አታውርድ።

የከሰዓቱ የሸለቆ ንፋስ ነው። ሸለቆ ውስጥ ያለው አየር ከሜዳው በላይ ካለው ቶሎ ይሞቃል፣ ምክንያቱም ያው ፀሐይ የምታሞቀው ያነሰ አየር ነው። ሲሞቅ ግፊቱ ይቀንስና ክፍት ከሆነው ጫፍ፣ ካንተ አንጻር ከቆላው፣ አየር ይጎትታል። ቀጭኑ የተዳፋት ንፋስ ፀሐይ ተዳፋቱን ከነካች ብዙም ሳይቆይ ይጀምራል፤ ወደ ምሥራቅ የዞረው ፊት ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ከሰዓት። ሸለቆውን ሙሉ የሚሞላው ግን ሰዓታት ይወስድበታል፤ ስለዚህም ነው 7 ሰዓት የሚነሳው፣ ከ8 እስከ 10 የሚበረታውና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚሞተው። ማታ ይገለበጥና ቁልቁል ቀስ ብሎ ይፈስሳል።

ይህ ንፋስ የፀሐይ ልጅ ስለሆነ አፑ ላይ የምትፈልገው የንፋሱን ዓምድ አይደለም፣ የደመናውን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ በወፍራም ደመና ከተከደነ የ7 ሰዓቱ ንፋስ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይነሳም። ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ደግሞ ትንበያው 5 ቢልም ይነሳል። የላይኛው ንፋስ ከሸለቆው ጋር አንድ አቅጣጫ የያዘ ቀን ሁለቱ ይደመራሉ፤ ተቃራኒ ከሆኑ ከላይና ከታች ሲጋጩ ይናጣሉ፣ በተለይ ለበራሪዎች አስቸጋሪ ነው።

ስለ በሩ አንድ ነገር። ሰፊ ሸለቆ ወደ ጠባብ በር ሲገባ ንፋሱ ይፈጥናል፤ ሐይቁ ላይ የለካኸውን ለበሩ እንዳትጠቀምበት። በሩን እንዳለፍህ ወዲያው ጸጥ ካለ ደግሞ አትደሰት፤ የሸንተረሩ ጀርባ ላይ አየሩ እንደ ወንዝ ድንጋይ ጀርባ ይሽከረከራል። ያ መናጥ የሸንተረሩን ከፍታ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ርቆ ሊሄድ ይችላል።

ውሃ ለውሃ

የ28ቱ ንፋስ አላስፈራኝም፤ የ4 ሰዓት ተኩሉ ነው ያሳሰበኝ። ካያክ የምታወርዱት ከምሥራቅ ዳር ነው፣ ያ ንፋስ ደግሞ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። ከዳር ወደ መሃል የሚገፋ ንፋስ ማለት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባል የለ?

ዛፎቹ 15 ሜትር ከሆኑ ከንፋስ የሚከልሉት እስከ 10 እጥፍ፣ ማለትም እስከ 150 ሜትር ድረስ ነው። ዳር የቆመ ሰው ቅጠሉን አይቶ «ምንም የለም» ይላል። ከ150 ሜትር በኋላ ቀዛፊው ሙሉውን ንፋስ በጀርባው ያገኘዋል፣ መሄዱም ይቀለዋል፤ ችግሩን የሚያውቀው ለመመለስ ሲዞር ነው። ጀማሪ በጸጥታ ውሃ በሰዓት 5 ኪ.ሜ. ገደማ ነው የሚቀዝፈው፤ 30 የሚነፍስ የፊት ንፋስ ከዚያ ላይ ብዙ ያጎድልበታል። ቆመው በሰሌዳ የሚቀዝፉት ይብስባቸዋል፣ አካላቸው ሸራ ነውና ጉልበታቸው ሲያልቅ ተንበርክከው ወይም ተኝተው እንዲቀዝፉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ማዕበሉን በተመለከተ፣ የሚያሳድገው የንፋሱ ፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ንፋሱ ውሃው ላይ የሮጠበት ርቀትም ነው። 30 ኪ.ሜ. በሰዓት ንፋስ 500 ሜትር ሲሮጥ 10 ሳ.ሜ.፣ 3 ኪ.ሜ. ሲሮጥ ወደ 25 ሳ.ሜ. የሚጠጋ ማዕበል ይሠራል፤ አልፎ አልፎ የዚያ እጥፍ የሚጠጋ ይመጣል። ስለዚህ ከሰዓት ንፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲሆን ትልቁ ማዕበል ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ላይ ነው። ግን ወደ ዳር የሚገፋ ስለሆነ ሰው ቢገለበጥ ወደ መሬት ይመጣል።

መለኪያ ከሌለ ውሃውን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1805 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት ያወጣው መለኪያ ዛሬም ይሠራል። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብልጭ ካለ ከ12 እስከ 19 ኪ.ሜ. ነው። አረፋው ከበዛ ከ20 እስከ 28። በየቦታው አረፋ ሆኖ ፍንጣሪም መነሳት ከጀመረ ከ29 በላይ ሆኗል። መለኪያው ለሰፊ ባሕር ስለሆነ ትንሽ ሐይቅ ላይ አረፋው ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ አረፋ አለማየት ማረጋገጫ አይሁናችሁ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፦ ጀማሪዎች 12 ሰዓት ተኩል ወርደው 4 ሰዓት ሳይሞላ ከውሃ ይውጡ። ከዚያ በኋላ የሚቀዝፍ ካለ ከዳሩ ከ100 ሜትር አይራቅ። ሰው ሁሉ ላይፍ ጃኬቱን ይልበስ፤ ካያኩ ላይ የታሰረ ጃኬት የለም ማለት ነው። አንድ የምጠይቅህ፦ የምዕራቡ ዳር መውጫ አለው ወይስ ገደል ነው? መውጫ ካለው የተወሰደ ሰው ማዶ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ገደል ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በእጥፍ ይጥበቅ።

ቀላል ነው

እንዲህ አታክብዱት። ከ25 በላይ ከሆነ አትውጡ፣ በታች ከሆነ ውጡ። አለቀ።

ክንፈኛ

አላለቀም። የንፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ከ20 ወደ 30 ሲሄድ ቁጥሩ በግማሽ ጨመረ፣ ጉልበቱ ግን 2.25 እጥፍ ሆነ። ስለዚህ አማካይ 20 ሆኖ ገስቱ 22 የሆነ ቀንና አማካይ 20 ሆኖ ገስቱ 36 የሆነ ቀን አንድ አይደሉም። ፓራግላይደር (የጨርቅ ክንፍ) የሚያበር ሰው ከአማካዩ በፊት የሚያየው በዝቅተኛውና በገስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ10–12 ኪ.ሜ. ካለፈ አማካዩ ትንሽ ቢሆንም መሬት ይቀመጣል። ክንፉ ብሬክ ሳይያዝ የሚሄደው በ36 ኪ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ 30 የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ወደፊት የሚቀርለት 6 ብቻ ነው።

ለቀዛፊዎችም ለብስክሌተኞችም አንድ ቁጥር ሳይሆን ሦስት ጥያቄ ይሻላል፦ ገስቱ ስንት ነው? ከዝቅተኛው ምን ያህል ይርቃል? ወደ የት ይገፋል? 25 ወደ ዳር ሲገፋና 25 ወደ መሃል ሲገፋ አንድ አድርጎ መቁጠር ስህተት ነው።

ሁለት ጎማ

ለብስክሌቱ ወገን ባጭሩ። በ25 እየሄድክ 25 የፊት ንፋስ ቢመጣ ሰውነትህ የሚያገኘው 50 ነው፣ የአየሩ ግፊትም 4 እጥፍ። ስትመለስ የኋላ ንፋስ ያካክሰዋል የሚባለው ሐሰት ነው፦ 20 ኪ.ሜ. በ20 ሄደህ በ40 ብትመለስ አማካይህ 30 አይሆንም፣ 26.7 ነው፤ በዝግታው ላይ ያጠፋኸው ጊዜ ይበልጣልና። የፊት ንፋሱን ጉልበት ሳለ መጀመሪያ ጨርሰው። በናንተ ቦታ ከሰዓት ወደ በሩ ስትወጡ ንፋሱ ከኋላ ነው፣ ስለዚህ አይሰማችሁም፤ ስትወርዱ ነው ፊት ለፊት የሚገጥማችሁ።

ጠዋት ግን ከ110 የሚመጣው በሩ ላይ የጎን ንፋስ ይሆናል። ብስክሌትን የሚጥለው የማያቋርጥ የጎን ንፋስ አይደለም፤ ለሱ ሰውነት ዘንበል ብሎ ይለምደዋል። የሚጥለው ከተከለለ ቦታ፣ ከቆረጣ (መንገዱ ኮረብታ ሰንጥቆ ከሚያልፍበት) ወይም ከግንብ ጀርባ፣ ወደ ክፍት ስትወጣ የሚመጣው ነው። ከክፍቱ በፊት ፍጥነት ቀንስ፣ እጀታውን ላላ አድርገህ ያዝ፣ ጉልበቶችህን ከመቀመጫው ወደ መሪው ወደሚሄደው የላይኛው ብረት አስጠጋ፣ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ቦታ ተው። ጥልቅ ቸርኬ ያለው ጎማ ካለህ ከፊት አውልቀው፤ የኋላው ያን ያህል መሪ አይነካም።

ብርዱንም አትናቁ። 5 ዲግሪ ላይ 30 የሚነፍስ ንፋስ ለቆዳ 0 ያህል ነው የሚሰማው፤ ንፋስ ሳይኖር በ50 ቁልቁል ብትወርድ ደግሞ ከዜሮ በታች 1 ያህል። ላብ ባራሰው ልብስ ይብሳል። ጃኬቱ በሩ ላይ ሳትቆም በፊት ይለበስ።

ፔዳልና መቅዘፊያ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አሃዱን አየሁ፣ ኪ.ሜ. በሰዓት ነው። አፑ የቦታውን ከፍታ 2140 ይላል፤ በ240 ሜትር ስቷል። የምዕራቡ ዳር ሁለት ቦታ ብቻ መውጫ አለው፣ ሌላው ገደል ነው።

አሁን ሌላ ችግር ገጠመን፦ ሁለት መለኪያ አለን፣ አንዱ 28 ሲል ሌላው 23 ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

ሚዛነ ንፋስ

ሁለቱም የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። በመጀመሪያ ዓይነታቸውን ለይ። ትንሽ ማራገቢያ ያለው መለኪያ ፊቱ ወደ ንፋሱ በትክክል መዞር አለበት፤ በጎን ከያዝከው አሳንሶ ያነባል። ሦስት ኩባያ ያለው ከየትም ቢመጣ ያነባል፣ ግን ለገስት ዘግየት ይላል።

ቀጥሎ መዘውሩን በማጉያ እይ። ፀጉርና የልብስ ክር ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ አሸዋ ይገባል፤ እፍ ብለህ ስታቆም ቀስ ብሎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ከቆመ ተይዟል ማለት ነው። ዘይት አታድርግበት፣ አቧራ ያጣብቅበታል፤ ክሩን በወስፌ አውጣና በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ።

ከዚያ ሁለቱን በአንድ ክንድ ርቀት ጎን ለጎን፣ ከራስ በላይ፣ ክንድ ዘርግተህ ለ5 ደቂቃ ያዝ። ከመኪና፣ ከቤትና ከራስህ አካል ጀርባ አይሁን። አማካያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከተለያየ አንዱ ታሟል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ጸጥ ባለ ጠዋት ብስክሌት ላይ ሆነህ ጓደኛህ በ20 ኪ.ሜ. እየነዳ አንተ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ሆነህ መለኪያውን ወደፊት ዘርጋ፤ 500 ሜትር ሂድ፣ ያንኑ ተመለስ፣ ሁለቱን አማካይ አድርግ። የመሄድና የመመለስ አማካይ ቀላሉን ንፋስ ያጣፋዋል። ወደ 20 ያልቀረበው ነው የታመመው። በመኪና መስኮት አውጥቶ መሞከር ግን አይሆንም፤ የመኪናው አካል አየሩን አጣምሞ ያፋጥነዋል።

ደመና ቆጣሪ

የነጎድጓዱን ጥያቄ ማንም አልነካውም።

የደመናውን ሥር ከፍታ በግምት ለማግኘት ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን (አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ መሥራት የሚጀምርበትን ሙቀት) ቀንስና በ125 አባዛ። 24 ዲግሪ ሆኖ የጤዛ ነጥቡ 10 ከሆነ 14 በ125፣ ማለትም ከመሬት 1750 ሜትር። ልዩነቱ ወደ 3 ከወረደ 375 ሜትር ስለሚሆን በሩ ጉም ውስጥ ገብቷል፤ የብስክሌት መብራት ሳይያዝ አይወጣም።

ጠፍጣፋ ሥር ያለው የጥጥ ደመና ወርዱ ከቁመቱ ሲበልጥ ጥሩ ቀን ነው። ቁመቱ ወርዱን ካለፈ፣ ያውም ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ከሆነ፣ የከሰዓቱን ዕቅድ አጥፉት። ጫፉ እንደ አበባ ጎመን ጥርት ብሎ እየፈላ ከነበረና አሁን ተበጥሮ እንደ ጠጉር ከሆነ ወደ በረዶ ቅንጣት ተለውጧል፤ ዝናቡና መብረቁ ቅርብ ነው።

የሚያታልለው ዝናቡ ሩቅ ሆኖ ንፋሱ መድረሱ ነው። ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ይዘረጋና ከዝናቡ 20 ኪ.ሜ. ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ምልክቱ፦ የሸለቆው ንፋስ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከደመናው በኩል ቀዝቃዛና የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ንፋስ ይመጣል፣ አንዳንዴ አቧራ ግድግዳ ሠርቶ። ከሰዓት 230 የለመዳችሁት ንፋስ በ8 ሰዓት ድንገት ከቆመ ደስ አይበላችሁ፤ ወደ ዳር ቅዘፉ።

መብረቅ ካያችሁ እስከ ድምፁ ቁጠሩ። 3 ሰከንድ 1 ኪ.ሜ. ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ 10 ኪ.ሜ. ውስጥ ነው፤ ከውሃ ውጡ፣ ከሸንተረር ውረዱ፣ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትቁሙ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚመታው ሲመጣ ብቻ አይደለም፣ «አለፈ» ብሎ ሲመለስም ነው።

ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው ሰዓት ለምታስሩ አንድ ነገር፦ ለምድር ወገብ በቀረቡ ቦታዎች ግፊት በየቀኑ በራሱ ይወጣል ይወርዳል። ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ ከሰዓትና ሌሊት 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ከ2 እስከ 3 ሄክቶፓስካል ነው። ከሰዓት ላይ ያን ያህል ቢወርድ ማዕበል መጣ ብላችሁ አትደንግጡ። ትናንት በዚሁ ሰዓት ከነበረው ጋር አስተያዩት።

ፔዳልና መቅዘፊያ (ጠያቂ)

መዝገብ ልንጀምር ነው። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀንና ሰዓት፤ የትንበያው ፍጥነት፣ ገስትና አቅጣጫ፤ የ750 ንፋስ፤ የደመና መቶኛ፤ የተለካው ዝቅተኛ፣ አማካይ፣ ገስትና አቅጣጫ፤ የተለካበት ቦታ። የጎደለ አለ?

ሚዛነ ንፋስ

ሁለት። ትንበያውን ከመውጣታችሁ በፊት በስክሪን ፎቶ ያዙት፣ የሞዴሉንም ስም ጻፉ። ጂኤፍኤስ በቀን 4 ጊዜ ስለሚታደስ ማታ ተመልሳችሁ የምታዩት ጠዋት የወሰናችሁበት ቁጥር ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ ንፋስ ፈርታችሁ የቀራችሁበትንም ቀን መዝግቡ። አንድ ሰው ዳር ሄዶ 4 ሰዓት ተኩልና 8 ሰዓት ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቢለካ ይበቃል። የወጣችሁበትን ቀን ብቻ ከጻፋችሁ መዝገቡ ላይ ሐይቁ ሁልጊዜ ደግ ይመስላል።

ውሃ ለውሃ

የምዕራቡን ሁለት መውጫዎችም ከምሥራቅ ዳር ሆኖ በሚታይ ነገር ምልክት አድርጉባቸው፤ ነጭ የተቀባ ድንጋይ ወይም ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ደማቅ ጨርቅ። ጨርቁ ንፋሱንም ከማዶ ያሳያችኋል።